ሦስት ጊዜ ደወሉ

ወንድሜ ሬናርድ በቴሌቪዥኑ ላይ አንደኛ ሲወጣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ጮህኩ፣ አጨበጨብኩ። ሳሎኑ ውስጥና በረንዳው ላይ አርባ ሰው ነበር፤ ከአርባው አንድም አብሮኝ ያጨበጨበ የለም። አጎቴ አልሲድ የያዘውን የቢራ ጣሳ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ወለሉን ማየት ጀመረ። ያሳደገችን አክስቴ ኦዲል ክንዴን ይዛ አወረደችኝና «ዜሊን፣ ቁጭ በይ እስቲ» አለችኝ። ቁጣ ድምጿ ውስጥ አልነበረም። ግራ ያጋባኝም እሱ ነው፤ ኦዲል ወንበር ላይ የወጣ ልጅ ሳትቆጣ አልፋ አታውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማንበብ እችላለሁ፣ በማንበቤም እኮራ ነበር። በስክሪኑ ቀኝ በኩል የስም ዝርዝር አለ። ጠዋት «ሬናርድ ጊልሪ» የሚለው ዘጠነኛው መስመር ላይ ነበር። ከምሳ በኋላ አምስተኛ ሆነ። አሁን ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ዝርዝሩ እስካሁን ያልተመረጡትን የሚያሳይ እንደሆነ፣ ስሙ ወደ ላይ የሚወጣውም ከበላዩ የነበሩት እየተወሰዱ ስለሆነ፣ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሰሜን፣ በረዶ በሚጥልበት አገር፣ የትምህርት ቤቴ አዳሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ያንኑ ዝርዝር ሳይ ቆይቼ ተነስቼ ወጣሁ። ጓደኞቼ ምን እንደነካኝ አልገባቸውም።

የሉዊዚያና ልጆች ነን። እኛ አገር ኳስ ሲባል በእጅ ታቅፈው የሚሮጡት ነው፤ የወንድሜ ሥራ ደግሞ ታቅፎ የሚሮጠውን ከመሬት ጋር ማገናኘት ነበር። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የአገሩ ክለቦች ይሰበሰቡና ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱት ተጫዋቾች መካከል ተራ በተራ ስም ይጠራሉ፤ ያኔ ሰባት ዙር በሁለት ቀን ነበር። አሰልጣኝ ፎንቴኖ፣ ሬናርድን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው ሰውዬ፣ «ሦስተኛ ዙር፣ ከዚያ አያልፍም» ብሎ ለከተማው ሁሉ ምሎ ነበር። ከተማው ደግሞ ማመን ይወዳል። ቅዳሜ ዕለት የትምህርት ቤቱ ከበሮ መቺዎች በራችን ላይ ቆመው ሲደበድቡ ዋሉ። አልሲድ ከሩዝ ማሳው ውሃ የተጠመደ፣ በጆንያ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ስድስት ጆንያ ክሮፊሽ፣ ያን መቆንጠጫ ያለው ትንሽ የውሃ ፍጥረት፣ አመጣና በበርበሬና በበቆሎ ቀቀለው፤ ጋዜጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፈው ቀይ እንፋሎት ዓይን ያቃጥል ነበር። ሦስተኛው ዙር አለቀ። ሰው ሁሉ ጣቱን እየላሰ «ነገ ነው እንጂ» እያለ ሄደ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ተመልሰው መጡ። ሰሃኖቻቸውን በፎይል ሸፍነው ነው የመጡት፤ ለቅሶ ቤትም እንደዚያው አድርገው እንደሚመጡ ያኔ አላስተዋልኩም።

አራተኛው ዙር ላይ አንዱ ክለብ ኳስ በእግሩ የሚመታ ልጅ መረጠ። ሳሎኑ ተናወጠ።

«ኳስ መቺ!» አለ አልሲድ። «በቀን አራት ጊዜ እግሩን ለሚያነሳ ሰው! ሬናርድን ያህል ሰው ተቀምጦ እግር ይገዛሉ?»

«እግሩስ እግር መሆኑ ነው?» አለች ጎረቤታችን እህት ዩኒስ። «የእኔ ዶሮ ትሻላለች።»

አምስተኛው ዙር ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። ሌዴል ተጠራ። ሌዴል ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሬናርድ እስኪደክመው ይጠብቅ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነው። ሬናርድ ሳቀ፤ ከልቡ ነበር የሚመስለው። «ጎበዝ ሌዴል!» አለ።

«የምን ጎበዝ?» አልሲድ ተነስቶ ቆመ። «ተሳስተው ነው። ቁጥራችሁ ተምታቶባችኋል በሏቸው። አምጡልኝ ስልኩን!»

«ስልኩን ማንም አይነካም!» አሰልጣኝ ፎንቴኖ እጁን ዘረጋ። «ስሙን ከመጥራታቸው በፊት ይደውላሉ። ልጁ በሕይወት መኖሩን፣ ስልኩ አጠገብ መሆኑን ሰምተው ነው ስሙን የሚጽፉት።»

«ባያገኙትስ?» አለች ዩኒስ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያላቸው፣ እህቴ። የሚቀጥለውን ይጠራሉ።»

ሁላችንም ዞረን ስልኩን አየነው። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ገመዱ የተጥመለመለ፣ የቆየ ስልክ ነው። ለክለቦቹ የተሰጠው ቁጥር የእሱ ነበር፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ያኔ እኛ ሰፈር መንገድ ዳር ካልወጡ በስተቀር አይሠራም። ኦዲል ግን ያን ስልክ በእጇ ነክታው አታውቅም። ባሏ ኦቪድ እኔ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተው፤ ዝናብ እየዘነበ በስልክ ሲያወራ መብረቅ በሽቦው መጥቶ እጁ ላይ መታው። ስልኩ ሲጮህ «ዜሊን!» ብላ እኔን ነው የምትጠራው።

ወንድሜ ለምን እንዳልተጠራ ሁሉም የየራሱን ይናገር ነበር። ዕድሜው ነው፣ ቁመቱ ነው፣ የትልቅ ከተማ ልጅ አለመሆኑ ነው። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንገቱ ነው።

ዓርብ ማታ ከመኝታ ክፍሌ ሆኜ ሰምቻለሁ። ኦዲል ማድ ቤት ባቄላ እየለቀመች፣ ሬናርድ አጠገቧ ቁጭ ብሎ።

«አንገቴን ፎቶ አንስተውኛል» አላት። «ከዚያ ጠሩኝና እንደገና አነሱኝ።»

«ማን ማን አየው?»

«ሁሉም ያየዋል፣ አክስቴ። አንዱ ያነሳውን ሁሉም ይካፈላሉ።»

«ምን አሉህ?»

«አንደኛው ሐኪም ምንም አይልህም አለ። ሌላኛው እኔን ማየትም አልፈለገም።» ባቄላው ሰሃኑ ላይ ሲወድቅ ይሰማል። «ለማንም እንዳትነግሪ። ፎንቴኖም አያውቅም።»

እኔ ያን ፎቶ አሰብኩት። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ሽማግሌዎች ከረባታቸውን እያስተካከሉ «አይ፣ ይሄ አንገት አያምርም» ሲሉ ታየኝ። ቅዳሜ ሙሉ አንገቱን ሳየው ዋልኩ። እንደ ዛፍ ግንድ ወፍራም ነው፣ ምንም ጉድለት አላገኘሁበትም። ቢሆንም እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ተኩሼ አመጣሁለት።

«ይሄን ልበስ» አልኩት። «ኮሌታ አለው፣ አንገትህን ይሸፍናል።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ኦዲልን አየ። ለበሰውና በዚያ ሙቀት እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆለፈው።

አሁን የዚያ ፎቶ ዓይነቱን አውቃለሁ፤ ራጅ ነው፣ ከኋላው መብራት አድርገው ነው የሚያዩት። የአንገቱ አጥንት ውስጥ ነርቭ የሚያልፍበት ቦይ ጠባብ ነበር። መቶ ጊዜ ሰው ጥሎ ደህና ሊነሳ ይችላል፤ በመቶ አንደኛው ከአንገቱ በታች ዳግም ላይንቀሳቀስ ይችላል። አንደኛው ሐኪም መቶውን አየ፣ ሌላኛው መቶ አንደኛውን። ሬናርድ ራሱ የትኛውን እንዳየ አላውቅም። ኮሌታውን የቆለፈው እኔን ላለማሳፈር ይሁን፣ ወይስ የዚያን ቀን ማንኛውም ነገር ሊረዳ ይችላል ብሎ፣ ይህንንም አላውቅም።

ሰባተኛው ዙር ገብቶ፣ ሠላሳ አምስት ያህል ስም ሲቀር፣ ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዩኒስ ደመናውን አይታ «ልብሴ ገመድ ላይ ነው!» እያለች ወደ ቤቷ ሮጠች። የመጀመሪያው ነጎድጓድ መስኮቶቹን አንቀጠቀጠ። ኦዲል ከወንበሯ ተነሳች።

«አጥፉት» አለች።

እኛ ቤት ሰማይ ሲያጉረመርም ሁሉም ነገር ይጠፋል። ሶኬት ይነቀላል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ መስታወት በአንሶላ ይሸፈናል፣ ውሃ አይከፈትም፣ ማንም አያወራም። «ጌታ ሥራ ላይ ነው» ትላለች ኦዲል፤ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ያ ሳሎን ውስጥ ከነበሩት ግማሾቹ ያደጉት እንደዚያ ነው። የዚያን ቀን ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሚስ ኦዲል» አለ አሰልጣኝ ፎንቴኖ፣ ቆቡን አውልቆ። «ቴሌቪዥኑን እሺ። ስልኩን ግን አይንቀሉት። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።»

«ኦቪድንም ስልኩ ነው የገደለው» አለች።

«ኦዲል፣ ዛሬ እንኳ!» አልሲድ ነው። «አንድ ቀን! አንድ ቀን ብቻ ጌታ ያለ አንቺ ይሥራ!»

ከሳቁት መካከል ሬናርድ አልነበረም። ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ራሱ ነቀለ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሄዶ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። «ሰምታችኋታል» አለ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

ጨለማ ውስጥ አርባ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። የበርበሬ፣ የቢራና የእርጥብ ጫማ ሽታ። ውጭ ጠረጴዛዎቹ ላይ የቀረው ክሮፊሽ በዝናብ ሲደበደብ ይሰማናል። እኔ እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ከብልጭታው እስከ ጉርምርምታው ያለውን። ሁለት። ሦስት። አንድ ጊዜ አንድ እንኳ ሳልል ቤቱ ጮኸ። ከዚያ ስድስት ሆነ። አሥራ ሁለት። ሃያ። ዝናቡ ቆመ። እንቁራሪቶቹ ጀመሩ። በመጋረጃው ጠርዝ ቢጫ ብርሃን ገባና ወለሉ ላይ ተጋደመ።

«ሄዷል እኮ» አለ አልሲድ በሹክሹክታ።

«አላለቀም» አለች ኦዲል።

ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። የመጨረሻው እሱ ነበር፤ ሩቅ፣ በሌላ ሰው ጣራ ላይ። ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም፤ ኦዲል ግን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ጨለመው ቴሌቪዥን መልሳ ቁጭ አለች። ትጠላዋለች ብዬ አሰብኩ። ከኦቪድ ሞት ጀምሮ ስልክን ትጠላለች፣ አሁን ደግሞ ሬናርድን ጠላችው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከተቀመጥን በኋላ «በሉ» አለች። አሰልጣኝ ፎንቴኖ ሮጦ ስልኩን ሰካ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ከረባት ያሰሩ ሰዎች እየተሳሳቁ ወረቀታቸውን ይሰበስባሉ። አልቋል። እኛም ገና ቃል ሳንናገር ስልኩ ጮኸ።

እንደ ልማዴ ተነሳሁ። ኦዲል በክንዷ ወደ ኋላ መለሰችኝና ወደ ግድግዳው ሄደች። ስልኩን አነሳችው። ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ፣ እንደሚናከስ ነገር ያዘችው።

«አዎ» አለች። «አዎ፣ ጌታዬ።» ሰማች። «ሦስት ጊዜ?» እንደገና ሰማች። «ገባኝ፣ ጌታዬ። ስለደወሉ እናመሰግናለን።»

ዘጋችውና ወደ እኛ ዞረች።

«ሦስት ጊዜ ደውለው ነበር» አለች። «ስልኩ ስላልተነሳ ሌላ ልጅ ወሰዱ።»

ያን ድምፅ አልረሳውም። አርባ ሰው ባንድ ላይ አየር ሲያስገባ። አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልሲድ ወደ ኦዲል ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። «ምን አደረግሽ?» አላት። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግሽ?» አሰልጣኝ ፎንቴኖ ቆቡን አድርጎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ፤ ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ በራችንን አልረገጠም።

ሬናርድ የመጨረሻው ነበር የተነሳው። ይመታታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የኮሌታውን ቁልፍ ፈትቶ፣ ትልቅ እጁን ራሷ ላይ አሳርፎ ቆሟል። ይቅር አላት ማለት ነው አልኩ በልቤ። እኔ ግን ይቅር አልላትም።

አላልኳትም። የሠራችውን ለሳምንት አልበላሁም። በጉርምስናዬ ሰማዩ ሲያጉረመርም በረንዳ ላይ ወጥቼ እቆም ነበር፤ ታየኛለች፣ ዝም ትላለች። ሰሜን ትምህርት ዕድል ሳገኝ ያለ ብዙ እንባ ሄድኩ፤ እዚያም ዝናብ ሲመጣ ሆን ብዬ ስልክ አንስቼ ለማንም እደውል ነበር። ከተማው ደግሞ ስም አወጣላት፤ «ስልክ ነቃይዋ።» ገበያ ስትሄድ ልጆች «ሚስ ኦዲል፣ ፍሪጃችንን ልንቀለው?» ይሏታል። ሬናርድ እዚያው ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ማሠልጠን ጀመረ። ፀጉር ቤት ሲገባ ሰው ይነሳለታል። አዲስ ሰው ካለ ያስተዋውቁታል፤ «ይሄ ሬናርድ ነው፣ ሦስት ጊዜ የተደወለለት።» ያልተመረጠ ልጅ ሞልቷል፤ በየከተማው በየዓመቱ አለ፤ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ሬናርድ ግን ተፈልጎ የቀረ ሰው ነበር።

ሦስት ጊዜ የደወለ ክለብ አራተኛ ለምን እንዳልደወለ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቀ ሰው የለም። ምርጫው ካለቀ በኋላ ያልተጠሩትን ክለቦቹ ያንኑ ምሽት እየደወሉ ያስፈርማሉ፤ ይህን ፀጉር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም በኋላ አውቄአለሁ። ጠያቂ ነኝ ብዬ አስባለሁ፣ በጥያቄ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ ይህን ግን አልጠየቅሁም።

ኦዲል ባለፈው የካቲት ሞተች። ለሁለት ሳምንት ብዬ መጥቼ ይኸው ሦስተኛ ወር ይዣለሁ፤ ለምን እንደማልመለስ ሲጠይቁኝ የማይገናኝ ነገር እመልሳለሁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እህት ዩኒስን ደግፌ ወደ መኪና ወሰድኳት። ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። ስለ ኦዲል እያወራች ትስቅ ነበር።

«አንድ ቀን ብቻ ነው ስልክ ያነሳችልኝ» አለችኝ። «ያን ትልቁ ዝናብ የዘነበ ቀን። መብራት መጥቶላችሁ እንደሆነ ልጠይቅ ደወልኩ። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ጌታዬ አለችኝ! እኔን! ሦስት ጊዜ ትለኛለች፣ ጌታዬ ትለኛለች፤ ነጎድጓዱ አእምሮዋን ነካው ብዬ ጠዋት ሾርባ ሠርቼ ሄድኩ።»

«ለማንም አልነገርሽም?»

«ጠዋት ስሄድ ከተማው ሁሉ ሲያወራ ሰማሁ። ሾርባውን ሰጠኋት። ተያየን።» ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። «በሩን በደንብ ዝጊው፣ የኔ ልጅ። ይሄ መኪና ይከፈታል።»

በቀጥታ ወደ ሬናርድ ሄድኩ። በኦዲል ቤት ነው የሚኖረው። በመንገድ ላይ ሁሉንም ደርድሬ ነበር፤ ሠላሳ አንዱን፣ በመጋረጃው ጠርዝ የገባውን ብርሃን፣ ፀሐይ ወጥታ እንኳ የተቀመጥንበትን ጊዜ። ምርጫው እስኪያልቅ ነበር የምትጠብቀው። አርባ ሰው እያየው ስሙ ከዝርዝሩ አናት ላይ እንዳይቀር። ግን ስልኩ ተነቅሎ በነበረበት ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ አንዱ ክለብ፣ መቶውን ያየው ሐኪም ያለበት ክለብ፣ በእውነት ደውሎ ቢሆንስ? ያን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እሷም አታውቅም ነበር። ምናልባት እንዲደወልም አትፈልግ ይሆናል።

በሩን ሳልፍ ሰማዩ አጉረመረመ። ሬናርድ ከማድ ቤት ወጥቶ ሰላም ሳይለኝ ቴሌቪዥኑን ነቀለ፣ መጋረጃውን ዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ስልክ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው፤ የእሱንም ገመድ ነቀለ። ተቀመጠ። ተቀመጥኩ።

«እህት ዩኒስን አገኘኋት» አልኩ።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዝናቡ መጣ፣ ጣራውን ደበደበና ሄደ።

«ያን ቀን ትቆጥሪ ነበር» አለኝ። «ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቼሻለሁ።»

«እቆጥር ነበር።»

«መጨረሻው ስንት ደረሰ?»

«ሠላሳ አንድ።»

እጁን ወደ ኋላ ወስዶ አንገቱን ያዘ። አሁን ሸብቷል፣ አንገቱ ግን ያው የዛፍ ግንድ ነው።

«ሩቅ ነበር በይኛ» አለ።

«በጣም ሩቅ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ድምፁን እንደ ፀጉር ቤቱ ድምፅ አደረገው። «ሦስት ጊዜ ነው የደወሉት።»

የደረደርኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። እያወቀ ይሁን እየጠየቀኝ፣ ከዓይኑ ልለየው አልቻልኩም።

«ሦስት ጊዜ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በመጋረጃው ጠርዝ ፀሐይ ገብታ ጫማዬ ላይ አርፋለች፤ እንቁራሪቶቹ ጀምረዋል። ልነሳ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«አላለቀም» አለኝ። «ቁጭ በይ እስቲ።»

ቁጭ አልኩ።